ኤሲ ጠፍቷል

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ወንበር ያልደረሰው ምንጣፉ ላይ ይቀመጥ፤ በሩንም ገርበብ አድርጉልኝ፣ ነፋሱ ድምፄን እንዳይወስደው። ሃያ ስድስት ዓመት የፖሊስ መኪና ስነዳ ብዙ አይቻለሁ፣ ብዙውንም ረስቻለሁ። ይህቺን ግን አልረሳኋትም። ለምን እንዳልረሳኋት መጨረሻው ላይ ትሰማላችሁ። አትቸኩሉ ልጆቼ፤ ታሪኩ ራሱ በችኮላ ስለሞተ ሰው ነው።

ሰውዬው የአንድ ትልቅ የኮምፒውተር ማዕከል የጥገና አለቃ ነበር። ሠራተኞቹ ከጀርባው "ቶሎቶሎ" ይሉታል፤ ሲያዝ አንዴ "ቶሎ" ማለት አይበቃውም ነበርና። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ማሽን ክፍሉ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ካለው የኤሌክትሪክ ሣጥን ሥር ከረንት ገድሎት በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። መፍቻው ከእጁ አልወደቀም።

እኔ ያን ጊዜ የምነዳው ለአንዲት ኢንስፔክተር ነው። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት ናት። አንድ አመል አለባት፤ ምንም ብትነግሯት "የቱ?" ትላለች። "ጎማው ተነፈሰ" ስላት "የቱ?" ትለኛለች። "ልጄን አመማት" ስላት "የቷን?"። ያለችኝ አንዲት ልጅ ብቻ እንደሆነች እያወቀች!

"ጋሼ፣ እርስዎም ይግቡ" አለችኝ። "ለእኔ ያመለጠኝ ለእርስዎ ይታይ ይሆናል።"

ገባን። ክፍሉ መስኮት የለውም። ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ማሽኖች ግራና ቀኝ ተሰልፈው አረንጓዴ መብራታቸውን ያርገበግባሉ፤ እንደ ንብ ቀፎ ነው የሚያጉረመርሙት። ብርዱ አጥንት ዘልቆ ይገባል። በሩ አጠገብ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ላይ በሰማያዊ ቀለም፣ በትልልቁ፣ "ኤሲ ጠፍቷል" ይላል።

"ይሄ ምንድነው?" አለች የሕንፃውን ጥበቃ።

"የእኛ ሰሌዳ ነው እመቤቴ። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ምድር ቤት ስልክ አይሠራም። ስለዚህ አንድ ነገር የዘጋ ሰው መጥቶ እዚህ ላይ ይጽፋል። ዛሬ ሽቦ፣ ማለቴ ኤሌክትሪሺያናችን፣ በአንድ ሰዓት ኃይሉን ከምድር ቤት አጥፍቶ ሊጽፍ፣ አለቃ ደግሞ ሣጥኑን ከፍተው የላላ ብሎን ሊያጠብቁ ነበር ፕሮግራሙ። ሽቦ አልመጣም። ስልኩም ዝግ ነው።"

"ኃይሉ አለመጥፋቱን አለቃው እንዴት አላወቁም?"

"በምን ያውቃሉ? ማሽኖቹ ኃይል ቢቋረጥም በባትሪ ይቀጥላሉ። መብራቱ በሌላ መስመር ነው። ሰው እዚህ ቤት የሚያምነው ሰሌዳውን ነው።"

"ታዲያ ማን ጻፈው?"

ጥበቃው ግራ ቀኙን አየ። "ኤሲ ብሎ መጻፍ የበረዶ ልማድ ነው።"

"የቱ በረዶ?"

ሳቄን ዋጥኩ። ሬሳ አጠገብ አይሳቅም።

"ቅጽል ስሙ ነው፤ የማቀዝቀዣ ባለሙያችን። እሱ ኤሲ የሚለው ማቀዝቀዣውን ነው። ኤሌክትሪክ የሚሠሩት ደግሞ ኤሲ የሚሉት ከረንቱን ነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከአራት ዓመት በፊትም በዚሁ ሣጥን፣ በዚሁ ቃል፣ አንድ ወጣት ኤሌክትሪሺያን ሞቶብናል። አለቃ ኤሲ ጠፍቷል ያሉት ማቀዝቀዣውን ነበር፣ ልጁ ከረንቱ መስሎት ገባ ተባለ። ምን ይደረግ።"

ከሟቹ እግር ሥር እስክሪብቶ የሚመስል ነገር ወድቋል። ጥበቃው ቴስተር ነው አለ፤ ሽቦ ላይ ሲያስጠጉት ከረንት ካለ ጫፉ ይበራል። ኢንስፔክተሯ በጓንት አንስታ ላስቲክ ውስጥ ከተተችው።

እኔ እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ነገር ሩቅ ነኝ። ለእኔ ኤሲ ማለት በእሷ ቢሮ መስኮት ላይ የተሰካችው፣ የምታንኮራፋው አሮጌ ሣጥን ናት። በየዓመቱ ስትበላሽ ስንቱን ጠጋኝ አመላልሼባታለሁ። ሌላ ኤሲ መኖሩን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

በረዶን ጣራ ላይ አገኘነው። ትከሻው ሰፊ፣ ቅባት የጠገበ ቱታ የለበሰ ሰው ነው።

"ሰሌዳው ላይ ጽፈሃል?"

"አልጻፍኩም።"

"ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት 'ይህን ሰውዬ አንድ ቀን አቀዘቅዘዋለሁ' ብለሃል።"

"ብያለሁ! እመቤቴ፣ የማቀዝቀዣ ሠራተኛ ነኝ፤ ሌላ በምን ልዛት?"

"ለምን ዛትክ?"

"ልጆቼን ሊያደርሱልኝ ከመጡ ዘመዶቼ ፊት ደደብ ብሎ ሰደበኝ። በልጆቼ ፊት።"

"ጠዋት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት የት ነበርክ?"

"እዚሁ። ጣራ ላይ።"

"ማን አየህ?"

"እርግቦቹ" አለና አንገቱን ደፋ።

ሰዓት ሳይሞላ ታሰረ። የእሷ የበላይ የሆነው ኮማንደር ነገር ማንዛዛት አይወድም። "ዝቷል። ኤሲ ብሎ የሚጽፈው እሱ ነው። ያየው ሰው የለም። ሐሙስ ጠዋት ክስ ይመሠረትበት" አለ።

ከሰዓት በኋላ የበረዶ ሚስት ምሳ ዕቃ ታቅፋ ጣቢያው በር ላይ ቆመች። ምሳ ዕቃውን ተቀብዬ ላስገባላት ስል እጄን ያዘችኝ። "አባቴ፣ የእኔ ሰው ዝንብ አይገድልም። ይህን ነገር ያመጣብን፣ ልጆቼን ያስለቀሰ፣ እንዲሁ ሲያለቅስ ይኑር!" አለች። እርግማኗ ውስጤ ገባ። ለምን ለእኔ እንደምትነግረኝ አላወቅኩም፤ አሜንም አላልኩም።

ረቡዕ ጠዋት ተመልሰን ሄድን። የማሽን ክፍሉ ሙቀት በየደቂቃው ይመዘገባል፤ ኢንስፔክተሯ የማክሰኞውን አስወጥታ አየችው። መስመሩ በክር የተሰመረ ይመስላል፣ ከፍም ዝቅም አላለም። ማቀዝቀዣው ጭራሽ አልጠፋም።

ለኮማንደሩ ደወለች። ስልኩ ውስጥ ሲጮህ ለእኔ ሁሉ ይሰማኛል። "ይባስ! ያልጠፋውን ጠፍቷል ብሎ ጻፈ ማለት ነው። ሊገድለው ነዋ!"

ስልኩን ዘጋች። "ጋሼ፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ለማቀዝቀዣውም ውሸት ነው፣ ለከረንቱም ውሸት ነው" አለችኝ።

"ሰው ሊገድል የፈለገ መዋሸት ያቅተዋል እንዴ ልጄ?"

"አያቅተውም" አለች። ግን ፊቷ አልተፈታም።

ከመግቢያው ባንኮኒ ኋላ ባለካርዷ ተቀምጣለች፤ በሮቹን የሚከፍቱትን ካርዶች የምትሰጠው፣ የቁልፎቹ ሁሉ ኃላፊ። አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ንጹሕ፣ ሥርዓት የያዘች ሴት ናት። ፊት ለፊቷ ያለው ነገር ሁሉ ተሰልፏል፤ ካርዱ ከካርድ፣ እስክሪብቶው ከእስክሪብቶ። እኛ ስንደርስ ከአንድ የካርድ ማንበቢያ ባትሪ እያወጣች ነበር።

"ማክሰኞ ጠዋት ማሽን ክፍሉ ማን እንደገባ መዝገብ ይኖርሻል?"

"ሌላ ቀን ቢሆን አዎ። ማክሰኞ ግን ከአንድ ከአሥር እስከ አንድ ከአርባ ሲስተሙ ለጥገና ተዘግቶ ነበር። በሮቹ ያለ ካርድ ነበር የሚከፈቱት፤ የገባ ሰው አይመዘገብም።"

"የቱ ሲስተም?"

"የእኔው" አለች። ፈገግ አለች፣ ፈገግታዋ ግን ዓይኗ ድረስ አልደረሰም።

"አለቃውን እንዴት ታያቸው ነበር?"

"ሥራ ወዳድ ነበሩ። ነፍስ ይማር።" ከወረቀት ላይ የምታነብ ነበር የምትመስለው።

አንድ ነገር ታየኝ። ባንኮኒው ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ያለባት ትንሽ ጠርሙስ አለች። የሴትየዋ ጥፍር ግን ባዶ ነው፤ ቀለም ነክቶትም የሚያውቅ አይመስልም። የሴት ነገር ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ።

ሽቦ የተገኘው ከሰዓት በኋላ ነው። ቤቱ አልጋ ላይ፣ ጥጥ ጎርሶ፣ ጉንጩ ብርቱካን አክሏል።

"ማክሰኞ ለምን ቀረህ?"

"ጥርሴ!"

"የቱ?"

አፉን በሰፊው ከፍቶ ሊያሳያት ሲዘጋጅ "ተወው ተወው" አለች። በሥራ ዘመኗ "የቱ?" ብላ ስትመልሰው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ክሊኒክ ገብቶ፣ አደንዝዘውት፣ ጥርሱን ነቅለውት፣ ቤቱ ሄዶ እስከ ማታ ተኝቷል። ክሊኒኩም አረጋገጠልን። ሽቦን ከዝርዝሩ ሰረዝነው።

"ለአለቃህ ግን አልነገርክም" አለችው።

"ደወልኩ እኮ! አያነሱም። ለባንኮኒው ደወልኩ። 'ዛሬ ኃይሉን አላጠፋም፣ አለቃ ሣጥኑን እንዳይነኩ ንገሪልኝ' አልኳት። 'እሺ' አለችኝ።"

ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶዋን አቆመች። "ማን ናት እሺ ያለችህ?"

"ባለካርዷ ነቻ።"

"እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። ኤሲ ጠፍቷል ብሎ የሚጽፍ ማን ነው?"

"ማንስ ቢጽፍ?" ጥጡን በምላሱ ገፋ አደረገው። "ለእኔ ኤሲ ከረንት ነው። ለበረዶ ማቀዝቀዣ ነው። ለባለካርዷ ደግሞ የበሩ ነገር ነው፣ አክሰስ ኮንትሮል ይሉታል። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ሦስታችን ኤሲ፣ ኤሲ እያልን ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን። በኋላ ስናጣራ ለካ የምንነታረከው በሦስት የተለያየ ነገር ነው! አለቃ ሳቁብን። 'ሁለት ፊደል ገደለቻችሁ' አሉን።"

በዚያ ቤት ማንም አልሳቀም። ሽቦ ራሱ የተናገረው ቆይቶ ሲገባው ጉንጩን ይዞ ፈዘዘ።

መኪናው ውስጥ ገብተን ቴስተሩን ከላስቲኩ አወጣች። በጓንት እጇ ክዳኑን አሽከርክራ ከፈተችው። ሁለት ትንንሽ ባትሪዎች ወጡ። የእጅ መብራት ውስጥ ከትታ ሞከረቻቸው፤ የሞቱ ናቸው። የሞተ ባትሪ ያለው ቴስተር ከረንት ቢኖርም አይበራም። ያን ቸኳይ ሰው ሰሌዳውም ዋሸው፣ ቴስተሩም ዋሸው።

አንደኛውን ባትሪ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ከታችኛው ጠርዝ፣ ብረቱና ልጣጩ ከሚገናኙበት ላይ፣ የመርፌ ራስ የምታክል ቀይ ነገር ተጣብቃለች።

"ደም ነው?" አለች።

"ደም ይጠቁራል ልጄ" አልኳት። "ይህ የጥፍር ቀለም ነው።"

ከዚያ ያየሁትን ነገርኳት። ሳትጮህብኝ ሰማችኝ። ወደ ቢሮ ተመልሰን የዛሬ አራት ዓመቱን ፋይል አስወጣች፤ እሷ ወደዚህ ጣቢያ ከመዛወሯ በፊት የተዘጋ ነው። "ሟች መልእክቱን በትክክል ባለመረዳቱ የደረሰ አደጋ" ይላል። ከሥሩ የቅርብ ዘመድ የሚል መስመር አለ። እህት። በእናት አንድ፣ በአባት ልዩ ልዩ፤ ስለዚህ የአባታቸው ስም አይገጥምም። የስልክ ቁጥሯ ግን ተጽፏል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ባንኮኒው ፊት ቆምን። ሠራተኞቹ እየወጡ ነው። ኢንስፔክተሯ ምንም ሳትናገር ከራሷ ስልክ ያንን ቁጥር ደወለች።

ከባለካርዷ ቦርሳ ውስጥ ስልክ ጮኸ።

ሴትየዋ ቦርሳዋን አየች፣ እኛን አየች። አላነሳችውም። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ሲበቃው ቆመ።

"ከአራት ዓመት በፊት የሞተው ልጅ ወንድምሽ ነበር" አለች ኢንስፔክተሯ።

"ያጠባችው እናቴ ናት፤ ያሳደግኩት ግን እኔ ነኝ።"

"ሰሌዳው ላይ የጻፍሽው አንቺ ነሽ።"

"አዎ።" ደብተሯን ገልጣ አዞረችላት። በራሷ ንጹሕ እጅ ጽሕፈት፣ ማክሰኞ፣ አንድ ከአሥር፣ ኤሲ ጠፍቷል። አንድ ከአርባ፣ ኤሲ በርቷል። "ውሸት አልጻፍኩም። የበሩ ኤሲ ጠፍቶ ነበር፣ ጠፍቷል ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ከረንቱ መስሏቸው ገቡ። ያሳዝናል። መልእክቱን በትክክል ባለመረዳት የደረሰ አደጋ ነው። አየሽ፣ ቃሉን በቃሌ ነው የማውቀው።"

"የሽቦስ መልእክት?"

"ረሳሁት። ሰው ይረሳል።"

ኢንስፔክተሯ ባትሪዋን በላስቲክ እንዳለች ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ከጠርሙሷ አጠገብ ያለውን ትንሽ ካርቶን ወደ ራሷ ሳበችው። ውስጡ ያለቁ ባትሪዎች ሞልተውበታል፤ ከአዲሶቹ እንዳይቀላቀሉ በእያንዳንዳቸው ላይ አንዳንድ ቀይ ነጥብ ተደርጎባቸዋል።

"የዚህችን ነጥብ ጠርገሻል። በደንብ አልለቀቀልሽም እንጂ።"

 ባለካርዷ ከመሳቢያዋ ውስጥ በመሐረብ የተጠቀለለ አሮጌ ስልክ አወጣች። መስተዋቱ ተሰንጥቋል። ከፍታ ለኢንስፔክተሯ ሰጠቻት። እኔም በትከሻዋ ላይ አነበብኩት፤ ማንበብ ለእኔም አያቅተኝም።

"ኤሲ ጠፍቷል?" ይላል ልጁ።

"ጠፍቷል። ግባ።"

"ከረንቱን ነው የምልህ አለቃ።"

"አዎ አልኩህ! ቶሎ ቶሎ በል!"

ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

"ከአለቃው መሳቢያ ነው ያገኘሁት" አለች። "እዚህ ሥራ በገባሁ በስምንተኛው ወር። ከሬሳው ላይ ወስዶት ነው፤ ለመጣልም ፈርቶ ይሆናል። አየሽ፣ ኃይሉን ማጥፋት አልፈለገም። የማሽኖቹ ባትሪ ካለቀ ደንበኛ ይጮህብኛል ብሎ፣ ወንድሜን ገሃነም ውስጥ ከተተው። ሲሞት ደግሞ ማቀዝቀዣውን ነው ያልኩት አለ። ሁሉም አመነው። ወንድሜ ፊደል የማይገባው ሞኝ ተብሎ ተቀበረ። በሁለት ፊደል ሥር ተሸሸገ፤ እኔም በሁለት ፊደል ጎትቼ አወጣሁት። በየጠዋቱ 'ደህና አደሩ አለቃ' እያልኩት፣ በየማታው 'ደህና ይደሩ' እያልኩት፣ ጠበቅኩ። ማክሰኞ ሽቦ ሲደውል 'እሺ' አልኩት።"

"በረዶስ?" አለች ኢንስፔክተሯ።

የሴትየዋ ዓይን ለመጀመሪያ ጊዜ ሸሸ።

"ነገ ጠዋት ይከሰሳል። ሚስቱ በራችን ላይ ምሳ ዕቃ ታቅፋ ቆማለች። አለቃው የራሱን ጥፋት በወንድምሽ ስም አስጻፈ። አንቺስ የአንቺን በማን ስም እያስጻፍሽ ነው?"

"ማቀዝቀዣው እንዳልጠፋ ሲያዩ ይለቁታል ብዬ..."

"አልለቀቁትም። ያንቺ ዝምታ ነው ያሰረው።"

ባለካርዷ እስክሪብቶዎቿን አየች። አንደኛው ከሰልፉ ወጣ ብሎ ነበር፤ አስተካከለችው። "ጻፊ" አለች። "ቁልፉ በእጄ ነውና፣ የአለቃውን ቴስተር ባትሪ የቀየርኩት እኔ ነኝ። መልእክቱንም ሆን ብዬ አላደረስኩም። ስለ አለቃው ቆጭቶኛል ብለሽ ግን እንዳትጽፊ። የሚቆጨኝ በረዶ ነው።"

ኢንስፔክተሯ ጻፈች። ከዚያ ድምጿ ተለውጦ "ይህን ስልክ ይዘሽ ለምን ወደ እኛ አልመጣሽም? ስልኩን ስታገኚ እኔ ወደዚያ ጣቢያ ተዛውሬ ነበር። ፋይሉን እንደገና ከፍቼ አየው ነበር" አለች።

"መጥቻለሁ።"

"መቼ?"

"ሁለት ዓመት አለፈው። የፈለግሁት አንቺን ነበር፣ ሰው ትሰማለች ብለውኝ።" ዓይኗን ከእሷ ላይ አንስታ እኔ ላይ አሳረፈችው። "የጣቢያችሁ በር ላይ መኪና የሚወለውሉ ሰው ነበሩ። ስለ ኤሲው ጉዳይ ነው፣ ኢንስፔክተሯን ላግኛት አልኳቸው። 'አይ እህቴ፣ እሱ እንኳ አልቋል፣ አትድከሚ' አሉኝ። ሳቁብኝም። ከዚያ ወዲያ የማንንም በር አላንኳኳሁም።"

ልጆቼ፣ ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

አስታወስኳት። መሐረብ በእጇ ይዛ ነበር። በዚያ ሳምንት ያቺ የምታንኮራፋ ሣጥን ተበላሽታ፣ ከጥገና ቤት ሰው እንልካለን ብለውን፣ ሳይልኩ ሌላ ሰው ሠርቷት ነበር። ከጥገና ቤቱ የዘገየች ሴት መስላኝ ነው። ኤሲዋ ተጠግናለች ማለቴ ነው። የሳቅኩትም በደግነት ነበር፤ ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ መጣሽ ብዬ።

ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ያን ቀን "የቱ ሰውዬ?" አላለችም።

በረዶ በዚያው ምሽት ተፈታ። እሱንና ሚስቱን ቤታቸው ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ከመኪናው ስትወርድ ሚስቱ እጄን ይዛ ረጅም ምርቃት መረቀችኝ፤ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። በራችን ላይ የረገመችው እርግማን አድራሻውን እንዳገኘ እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው።

አለቃው በሁለት ፊደል ዋሸ፣ እሷ በሁለት ፊደል ተበቀለች። ከሁለቱ መሃል ግን አንድ ጨርቅ የያዘ ሰው ነበረ፣ አንዲት ቃል ቢጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ የማይሆን።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ሌላውን ብትረሱት አልቀየማችሁም። ሰው በራችሁ ላይ ቆሞ አጭር ቃል ሲነግራችሁ፣ የገባችሁ ቢመስላችሁም፣ የያዛችሁትን ጨርቅ አስቀምጡና ዓይኑን እያያችሁ "የቱ?" በሉት። ይህቺን ብቻ አስታውሱልኝ።